የፖለቲካ አቋም ያለው ሰው በፖለቲካ ክስ ላይ መፍረድ ይችላል?

በ2018 ፖል ማናፎርት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከስሰው ቀረቡ። (ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ማናፎርት የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ሊቀመንበር የነበሩ ሰው ናቸው። የቀረበባቸው 18 ክስ ነው፤ ግብር ማጭበርበር፣ ባንክ ማታለል፣ ውጭ አገር ያለ የባንክ ሒሳብ አለማሳወቅ። ፍርዱን ከሚሰጡት 12 የጁሪ አባላት አንዷ የለየላቸው የትራምፕ ደጋፊ ነበሩ። ወደ ፍርድ ቤት በሚመላለሱበት መኪና ውስጥ የትራምፕ መፈክር «ሜክ አሜሪካ ግሬት አጌን» የተጻፈበት ኮፍያ እንደነበር በኋላ ራሳቸው በቴሌቪዥን ተናግረዋል። ማናፎርት ጥፋተኛ ሆነው እንዲገኙ አልፈለጉም። መርማሪዎቹ ትራምፕን ባያሳድዱ ኖሮ ሰውየው አይያዙም ነበር ብለውም ያምናሉ። ግን በ8 ክሶች «ጥፋተኛ» አሉ። በቀሩት 10 ክሶችም ለማለት ዝግጁ ነበሩ። እነዚያን ክሶች ያስቀረው የሌላ አንድ አባል እምቢታ ነው።

ብዙ ሰው «ፖለቲካ የገባበት ክስ ላይ ጁሪ ብሎ ነገር ቀልድ ነው» ይላል። ትራምፕ ሲፈረድባቸው ደጋፊዎቻቸው እንዲህ ብለዋል። የሌላው ወገን ሰው ነፃ ሲወጣም ያው ይባላል። ሐሜቱ ከባዶ አልተነሣም። ጁሪ ክፉኛ የተሳሳተባቸው ክሶች አሉ፤ እመጣባቸዋለሁ። ግን መጀመሪያ ሥርዓቱ ከነዚህ 12 ሰዎች ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ ይበጃል። የሚጠበቅባቸው ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ ባጭሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጁሪ የለም። የሆነውን ነገር መርምሮ የሚወስነውም፣ ሕጉን የሚተረጉመውም ያው ዳኛው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከባድ ወንጀል ሲሆን ሥራው ይከፈላል። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን ከሕዝቡ በዕጣ የተጠሩ ተራ ሰዎች ይወስናሉ። ዳኛው ሕጉን ያስረዳቸዋል፤ ጥፋተኛ ካሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅጣቱን የሚወስነው እሱ ነው። የሕገ መንግሥቱ 6ኛ ማሻሻያ ተከሳሹ «ገለልተኛ ጁሪ» የማግኘት መብት አለው ይላል። ወንጀሉ ከተፈጸመበት አካባቢ የተውጣጣ መሆን አለበት ብሎም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ድሮ በእኛ አገር ሁለት ባለጉዳዮች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉ ነበር። መንገደኛው የሚፈለገው ሁለቱንም ስለማያውቃቸው ነው። የእንግሊዝ ጁሪ ሲጀመር ደግሞ ተቃራኒው ነበር። ጎረቤቶች የሚጠሩት ነገሩን ስለሚያውቁ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይፈልጋል። የአካባቢው ሰው ይሁን፣ ግን ወገንተኛ አይሁን ይላል። ችግሩ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1807 የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን በር በአገር ክህደት ተከስሰው ሪችመንድ ላይ ቀረቡ። ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ገና ፍርድ ሳይሰጥ ጥፋተኝነታቸው አያጠራጥርም ብለው ለኮንግረስ ጽፈው ነበር። ታዲያ ስለ በር ምንም ያልሰማ ሰው ከየት ይመጣል? ችሎቱን የመሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ማርሻል መፍትሔ አበጁ። ማስረጃ ሲመጣ የሚለቅ ስስ ግምት ያለው ሰው መቀመጥ ይችላል አሉ። ማስረጃ የማያስገባ ሥር የሰደደ እምነት ያለው ግን አይችልም። በር ነፃ ወጡ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ የሕጉ መሠረት ነው። የጁሪ አባል ምንም የማያውቅ እንዲሆን አይጠበቅም፤ የሚያውቀውን ወደ ጎን አድርጎ ችሎት ውስጥ በሰማው ብቻ መወሰን ከቻለ ይበቃል።

ከቻለ። ግን መቻሉን በምን እናውቃለን? ጠይቀነው?

እውነቱን ለመናገር የሥርዓቱ ስስ ቦታ ይሄ ነው። በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከኢንዲያና የመጣ የነፍስ ግድያ ጉዳይ ተመለከተ። ለጁሪ ከተጠሩት 430 ሰዎች 268ቱ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው የሚል የማይነቃነቅ እምነት ስላላቸው ተሰናብተዋል። በመጨረሻ ከተቀመጡት 12ቱ እንኳ 8ቱ ጥፋተኛ ይመስለናል ብለው ነበር። ሆኖም እያንዳንዳቸው «በትክክል መፍረድ እችላለሁ» ብለዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አላመናቸውም። ውሸታሞች ናቸው ለማለት አይደለም፤ ከልባቸው ሊሆን ይችላል። ከተማው ሁሉ እንዲህ ባመነበት ሁኔታ ግን የአንድ ሰው «እችላለሁ» አይበቃም ተባለ። ፍርዱ ተሻረ። ሰውየው እንደገና ተከስሶ አሁንም ጥፋተኛ ተባለ፤ ያኔ ግን በሌላ ጁሪ ነው።

ስለዚህ በቃል ብቻ አይታመንም፤ ወንፊቱ ሌላም አለው። ወገንተኝነት በጉልህ የታየበትን ሰው ዳኛው ያሰናብታል፤ በዚህ ምክንያት የሚሰናበት ሰው ቁጥር ገደብ የለውም። ከዚያ በላይ ሁለቱም ወገኖች ምክንያት ሳይሰጡ የተወሰኑ ሰዎችን የመጣል መብት አላቸው። ሞት በማያስቀጣ የፌዴራል ከባድ ወንጀል ተከሳሹ 10፣ ዐቃቤ ሕግ 6 ሰው መጣል ይችላሉ። ያለ ምክንያት መጣል ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አደገኛም ነው። ለረጅም ጊዜ ጥቁሮችን ለማስወጣት አገልግሏል። ይህ የተከለከለው በ1986 ነው፤ ቢሆንም ክልከላው ሁሉንም አላቆመም። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው አንድ የሚሲሲፒ ጉዳይ 6 ጊዜ ለፍርድ የቀረበ ነው። በነዚያ ጊዜያት ዐቃቤ ሕጉ ሊጥላቸው ከሚችላቸው 42 ጥቁሮች 41ዱን ጥሏል።

ትራምፕ የንግድ ሰነድ አጭበርብረዋል ተብለው የቀረቡበትን የኒው ዮርኩን ክስ ብዙዎቻችሁ ተከታትላችሁታል። የጁሪ ምርጫው የተጀመረው ሚያዝያ 2024 ላይ ነው። መጀመሪያ 96 ሰዎች ገቡ። ዳኛ ሁዋን መርሻን «በገለልተኝነት መፍረድ የማልችል የሚል አለ?» ብለው ሲጠይቁ ከግማሽ በላዩ እጁን አወጣ። ሁሉም ወዲያው ተሰናበቱ፤ ለምን ተብለው አልተጨቀጨቁም። የቀሩት ሰዎች 42 ጥያቄዎች ተሰጧቸው። ዜና ከየት ነው የምትሰሙት? የትራምፕ ሰልፍ ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? የተቃውሞ ሰልፍስ? ማንን መረጣችሁ የሚለው ግን አልተጠየቀም። ጠበቆቹ በበኩላቸው የሰዉን የፌስቡክ ገጽ ወደ ኋላ እያገላበጡ ያነቡ ነበር። ከዓመታት በፊት ትራምፕ ይታሰሩ ብሎ የለጠፈ አንድ ሰው በዚህ ተይዞ ወጣ። በሳምንቱ መጨረሻ 12 አባላትና 6 ተጠባባቂዎች ተሟሉ። በግንቦት መጨረሻ በ34ቱም ክሶች ጥፋተኛ አሏቸው። ትራምፕ ፍርዱንም ችሎቱንም አጥብቀው ተቃውመዋል። ማንሃተን ከ80 በመቶ በላይ ባይደንን የመረጠ ቦታ ነውና የደጋፊዎቻቸው ቅሬታ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አይከብድም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። እኔ እንደማየው ጁሪን ከፖለቲካው የሚጠብቀው ትልቁ ነገር የአባላቱ አመራረጥ አይደለም። የጥያቄው ጥበት ነው። የማናፎርት ጁሪ «ትራምፕን ትወዳላችሁ?» ተብሎ አልተጠየቀም። «ይህን የግብር ቅጽ ሲፈርም ቆጵሮስ ያለውን ሒሳብ ያውቅ ነበር?» ነው የተባለው። ለዚህ ጥያቄ ወረቀት አለ፣ ፊርማ አለ፣ የባንክ ዝርዝር አለ። ባለ ኮፍያዋ ሴትዮም ማስረጃው እጅግ ብዙ ነበር ነው ያሉት። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኖ ከቡና ጋር ያለውን ጨዋታ የሚያይ ሰው ኳሷ መስመሩን አልፋ ከሆነ ማለፏን ያያል። ዓይኑ የሚከዳው «ጥፋት ነበር ወይስ አልነበረም?» በሚለው ላይ ነው።

ይህን ይዛችሁ ሌሎቹን ክሶች ተመልከቷቸው። ሰኔ 2024 የያኔው ፕሬዚዳንት የጆ ባይደን ልጅ ሀንተር ባይደን ዊልሚንግተን፣ ደላዌር ቀረቡ። ከተማዋ የቤተሰቡ ናት ማለት ይቻላል። የያኔው ፕሬዚዳንት ባለቤት ጂል ባይደን ችሎት ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ክሱ ግን ጠባብ ነው። ሽጉጥ ሲገዛ ቅጹ ላይ ዕፅ አልጠቀምም ብሎ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም? ጁሪው 3 ሰዓት ያህል ተመካክሮ በ3ቱም ክሶች ጥፋተኛ አለው። የዋሽንግተን ዲሲንም ውሰዱ። በ2020 ከ90 በመቶ በላይ ባይደንን የመረጠች ከተማ ናት። የትራምፕ ደጋፊዎች ጥር 6 ቀን 2021 የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን በወረሩበት ጉዳይ የተከሰሱት ሰዎች ጉዳያችን ወደ ሌላ ከተማ ይዛወር እያሉ ለመኑ፤ አልተፈቀደላቸውም። በ2022 መጨረሻ ኦዝ ኪፐርስ የተባለው ቀኝ አክራሪ ቡድን 5 አባላት በአመፅ ሴራ ተከስሰው ቀረቡ። ጁሪው መሪውን ስቲዋርት ሮድስንና አንድ ሌላ ሰው በሴራው ጥፋተኛ አለ። ሦስቱን ግን በሌሎች ክሶች ጥፋተኛ ቢላቸውም ከሴራው ክስ ነፃ አወጣቸው። በጥላቻ የሚፈርድ ሰው እንዲህ ለይቶ አይፈርድም።

ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ መልስ አላቸው፤ ደካማ መልስም አይደለም። በጥር 6 ጉዳይ ዲሲ ላይ ጁሪ ፊት ከቀረቡት እጅግ አብዛኞቹ በአንዱ ወይም በሌላው ክስ ጥፋተኛ ተብለዋል። በጁሪ ምትክ በዳኛ ብቻ መታየትን መርጦ ሙሉ በሙሉ ነፃ የወጣ ተከሳሽ ግን አለ። በሌላ በኩል ድርጊቱ በቪዲዮ የተቀረጸ ነው፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ቀርጸው ለጥፈውታል። ጥፋተኛ ያሰኛቸው ቪዲዮው ይሁን የከተማዋ ፖለቲካ፣ ሁለቱን ነጣጥሎ መመዘን አይቻልም። ለይተነዋል የሚሉትን እጠራጠራለሁ።

ጥያቄው መጥበብ የማይችልበት ክስ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው። «ፖሊሱ የተጠቀመው ኃይል ተገቢ ነበር?» «ሰውየው ሕይወቴ አደጋ ላይ ነው ብሎ መስጋቱ ምክንያታዊ ነው?» ይህን ለመመለስ ወረቀት አይረዳም። ከኖርንበት ሕይወት ነው መልሱን የምናመጣው። በ1991 ሎስ አንጀለስ ላይ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው ሲደበድቡ ዓለም በቪዲዮ አየ። ወሬው ስለበዛ ችሎቱ ከሎስ አንጀለስ ወጥቶ ሲሚ ቫሊ ወደምትባል ጸጥተኛ የከተማ ዳርቻ ሄደ። ሐሳቡ ገለልተኛ ሰው ለማግኘት ነበር። የተገኘው ጥቁር የሌለበት ጁሪ ነው። ሚያዝያ 1992 ፖሊሶቹ ከሞላ ጎደል ከሁሉም ክስ ነፃ ወጡ፤ ከተማዋ ነደደች፤ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በዓመቱ በፌዴራል ክስ ሎስ አንጀለስ ላይ ሌላ ጁሪ ተቀምጦ ከ4ቱ 2ቱን ጥፋተኛ አለ። ቪዲዮው ያው ነው። የተቀየሩት ክሱና የሚያዩት ሰዎች ናቸው። ቦታ ማዛወር ፍርድን ያጠራል ለሚል ሁሉ ይህን ጉዳይ አስታውሳለሁ። አንዳንዴ ግን ይሠራል። የኦክላሆማ ሲቲው የቦምብ ጥቃት ክስ ወደ ዴንቨር ተዛውሮ ነው ቲሞቲ ማክቬይ በ1997 የተፈረደበት። በፍርዱ ያን ያህል የጮኸ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ግን የ1955ቱ ነው። ኤሜት ቲል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ነጮች ወስደው ገደሉት። ተከሳሾቹ ሁለት ናቸው። ጁሪው 12 ነጭ ወንዶች። የጁሪ ስም የሚወጣው ከመራጮች መዝገብ ነው፤ ጥቁሮች ደግሞ እንዳይመዘገቡ ተደርገዋል። ሴቶች በዚያ ግዛት ጁሪ መቀመጥ የጀመሩት ገና በ1968 ነው። 67 ደቂቃ ተመካክረው ነፃ አወጧቸው። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ገዳዮቹ ከመጽሔት ገንዘብ ተቀብለው መግደላቸውን ተናገሩ። በአንድ ወንጀል ሁለቴ መክሰስ ስለማይቻል ምንም አልሆኑም። እዚህ ላይ ጥያቄው በቂ ጠባብ ነበር። ገድለዋል ወይስ አልገደሉም? ጁሪው ውስጥ ግን ለጥቁር ልጅ ደም የሚቆረቆር አንድ እንኳ እንዳይገባ መዝገቡ ላይ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ስለ ጁሪ ሳስብ ከአንድ ሰው አቋም ይልቅ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው ያስፈራኛል።

ለዚህ ነው የሙሉ ስምምነት ደንብ ትልቅ ቦታ ያለው። 12ቱም ካልተስማሙ ጥፋተኛ አይባልም። ሉዊዚያናና ኦሪገን ለረጅም ጊዜ በ10 ለ2 ይፈርዱ ነበር። ሉዊዚያና ያለ ሙሉ ስምምነት መፍረድን ያመጣችው በ1898 ሲሆን፣ ታስቦበት የተደረገው ጁሪ ውስጥ የሚገቡ ጥቂት ጥቁሮች ድምፅ ዋጋ እንዲያጣ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሠራሩን የሻረው በ2020 ነው፤ ገርሞኛል መዘግየቱ። ደንቡ ዋጋም ያስከፍላል። አንድ እልኸኛ ሰው ሁሉንም ማስቀረት ይችላል፤ የማናፎርት 10 ክሶች የቀሩት እንዲሁ ነው። ግን ያ እልኸኛ አንዳንዴ ብቻውን ትክክል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ጁሪው የሚመካከርበት ክፍል ምስጢር ነው። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ አንድ አባል ወጥቶ «እገሌ እንዲህ አለ» ቢል በአብዛኛው ፍርዱ አይከፈትም። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዘር ጥላቻ በሩን ከፈተ። አንድ አባል በዘሩ ምክንያት ነው የፈረድኩበት ማለቱ በግልጽ ከታወቀ ፍርድ ቤት ሊሰማው ይችላል። ለፖለቲካ ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። «ሪፐብሊካን ስለሆነ ነው» ወይም «ዴሞክራት ስለሆነች ነው» ብሎ የፈረደ ሰው ቢኖር እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ምክንያት አለው፤ ያለበለዚያ ማንኛውም ተሸናፊ የጁሪ አባላትን ቤት ማንኳኳት ይጀምራል። ቢሆንም ክፍተት ነው።

ዛሬ እኔን ከአቋም በላይ የሚያሳስበኝ ፍርሃት ነው። በማናፎርት ጊዜ ዳኛ ኤሊስ እሳቸው ራሳቸው ዛቻ እንደደረሳቸውና በጠባቂ እንደሚንቀሳቀሱ ተናግረው የጁሪውን ስም አንሰጥም አሉ። በኒው ዮርኩ ክስ ከተመረጡት አንዷ በጋዜጣ ከወጣው ዝርዝር ተነሥተው ጓደኞቻቸውና ዘመዶቻቸው ስለለዩዋቸው አውጡኝ ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ጋዜጠኞች የሰዎቹን መሥሪያ ቤት እንዳይጠቅሱ አዘዙ። አቋም ያለው ሰው አቋሙን ሊገታ ይችላል። ነገ ቤቴ ይታወቃል ብሎ የሚሰጋ ሰው ግን ጥያቄው ምንም ያህል ቢጠብ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ እኛን በቀጥታ ይነካናል። አሌክሳንድሪያና ዲሲ የሐበሻ ሰፈር ናቸው። ዜግነት የወሰደ ሁሉ አንድ ቀን «ጁሪ ዱቲ» የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ፌዴራል ከሆነ 18 ዓመት የሞላው፣ ዜጋ የሆነ፣ በአካባቢው አንድ ዓመት የኖረና እንግሊዝኛ በበቂ የሚረዳ ሰው ይጠራል። ስም ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ስለሚወሰድ ግሪን ካርድ ላለው ሰውም ደብዳቤው ሊመጣ ይችላል። ያኔ ዜጋ አይደለሁም የሚለውን ሞልቶ መመለስ ነው፤ መጣል አያዋጣም፤ ዜጋ ነኝ ማለት ደግሞ ጭራሽ ጣጣ ነው። አሠሪ ጁሪ ሄድክ ብሎ ማባረር አይችልም። ዳኛው ስለ አቋማችሁ ከጠየቀ ያላችሁን ተናገሩ። አቋም አለኝ ማለት አያሳፍርም፤ ከዕድሉም ሁልጊዜ አያስወጣም። ምለው ነው የሚመልሱት፤ መዋሸት ያስከስሳል። ክፍያው በፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው ሲሰማ ይስቃል።